ቀይ ነጥብ ያለበት ሳህን

የእፀገነት ልጅ አማኑ ቸርችል ጎዳና ላይ በርገር ቤት ከፈተ ሲሉኝ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ልጁን አዝዬ ነው ያሳደግኩት። እናቱ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ዶሮ ማነቂያ ከእኔ ጋር ግድግዳ ተጋርታ የኖረች ሴት ነበረች፤ ግድግዳው ደግሞ የስም ግድግዳ ስለነበር እሷ ስታስነጥስ እኔ ከወዲህ ይማርሽ እላት ነበር። ሰፈራችን ፈርሶ እኔ ገላን፣ እሷ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ግን ነገራችን ሁሉ በስልክ ሆነ። እሱም ብዙ አልቆየም፤ ዓመት ሳይሞላት አረፈች።

እና ሁለት ታክሲ ይዤ ፒያሳ መጣሁ። አልዋሽም፣ ፒያሳ አምራለች። መንገዱ ሰፍቷል፣ አበባ ተተክሏል፣ መብራቱ ጉድ ነው። ግን እኔ የማውቀው ነገር የለም። የእኛ ደጅ ይኼኔ እዚህ ጋ ነበር ብዬ አንድ ቦታ ቆሜ ስፈዝ፣ ብስክሌት የሚነዳ ጎረምሳ መጣና «ማዘር፣ መንገዱን ይልቀቁልኛ» አለኝ። ሳሎኔ መሀል ቆሜ መንገድ ልቀቂ ተባልኩ። ሆዴ ባባ፤ ግን ለማን ይነገራል፣ ለቀቅኩለት።

አማኑ ሲያየኝ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ተጠመጠመብኝ። «እትዬ ዓለሜ፣ ይቀመጡ፣ ዛሬ የማበላዎት እኔ ነኝ» አለኝ። ቤቱ ንጹህ ነው፣ ወንበሩም ይመቻል። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ምግቡ መጣ። ምግቡ ልበል እንጂ የመጣው የወረቀት ከረጢት ነው። ከረጢቱን ስከፍት ሳጥን። ሳጥኑን ስከፍት በወረቀት የተጠቀለለ ነገር። ወረቀቱን ስፈታ በስንት መከራ በርገሩ ወጣ። ሽንኩርት የምልጥ ነው የመሰለኝ። ድንቹ ለብቻው ሌላ ሳጥን አለው። ካቻፑ በትንንሽ ላስቲክ ታሽጓል፣ ለስላሳው ክዳንና ስትሮ ባለው ብርጭቆ ነው፣ ሹካው ላስቲክ፣ ሹካው የገባበትም ላስቲክ። ይሄ ሁሉ እንግዲህ እዚያው ተቀምጬ ለምበላው ነው። ጅቡቲ ድረስ ስንቅ ልይዝ ቢሆን ደግ። ፌስታል ሊቀር ነው ሲባል እልል ካሉት አንዷ ነኝ፤ ፌስታሉ ሄደና ሳጥኑ ተተካ።

ሳጥኑን አዙሬ ሳየው ደግሞ ማን ብትኖርበት ጥሩ ነው? እፀገነት። ሻሿን አስራ፣ ፍንጭቷ እየታየ ትስቃለች።

«እማዬን አደረግኳት» አለኝ አማኑ። «አሁን አዲስ አበባ ውስጥ እሷን የማያውቅ አይኖርም።»

አንጀቴን በላው። ሳጥኑን ሳም አድርጌ፣ መርቄው ወጣሁ።

ወደ ታክሲው ቁልቁል ስወርድ መንገዱ ዳር ቦዩ ውስጥ ዓይኔ ገባ። እፀገነት ወድቃለች። ትንሽ ዝቅ ስል ሌላ እፀገነት፣ ጎማ ሄዶባት፣ ጉንጯ ላይ ካቻፕ ፈሶባት። ታክሲ መጠበቂያው ጋ ያለው ቆሻሻ መጣያ ሞልቶ ተርፎ፣ እዚያ ላይ ደግሞ አምስት ስድስት ሆና ትስቃለች። ደሜ ፈላ። ይቺ ሴት በዕድሜዋ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ደጅ ጥላ አታውቅም።

ከቦዩ አንዷን አንስቼ ዳገቱን መልሼ ወጣሁት።

«አማኑ፣ እናትህ ቦይ ውስጥ ወድቃ አገኘኋት» አልኩትና ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት።

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ አልጣልኳትም እትዬ ዓለሜ። ሰው ነው የሚጥለው።»

«ሰው የሚጥለው ነገር ላይ እናቱን የሚለጥፍ ማን ነው ታዲያ?»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ከበደኝ፤ ግን እኔ የተናገርኩትን መዋጥ አልችልበትም። «ከዛሬ ወዲያ ለእኔ በሳህኔ ነው የምትሰጠኝ» ብዬ ጨመርኩበት። ከውጭ የመጣ ዕቃ አንቀበልም፣ የንጽህና ጉዳይ ነው አለኝ። ለእኔ ለዓለምጸሃይ ስለ ንጽህና ነገረኝ። ደህና ዋል ሳልለው ወጣሁ።

እናቱ እኮ እሱን ያሳደገችው ደጇ ላይ ፓስቲና ድንች እየጠበሰች ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ብረት ድስቱን ይከቡታል፣ ሁሉም ሳህን ሳህኑን ይዞ። ሳህን ያልያዘ ልጅ «ሂድ ከቤት አምጣ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ አላበላህም» ተብሎ ይባረራል። እየሮጠ ሄዶ እየሮጠ ይመለሳል። የማን ቤት ሳህን የቱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከንፈሩ የተሸረፈው የነ እንትና፣ አበባ ያለበት የነ እንትና። ልጆቹ ተራ ሲጠብቁ ሳህኑን በጣታቸው እየደበደቡ ሰፈሩን ያናውጡት ነበር። ያኔ ራሴን አመመኝ ብዬ እጮህባቸዋለሁ። አሁን ገላን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ያ ድምፅ ይናፍቀኛል። ጎረቤቶቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል። ግን አንድም ቀን ሳህን ይዞ ያንኳኳብኝ የለም።

ነገር ከያዝኩ አለቅም። የድሮ የሰፈራችን ሴቶች አሁንም እሁድ እሁድ ከየተበተኑበት ሥላሴ ይመጣሉ። ለሁሉም ደወልኩ። በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ እያንዳንዳችን ነጠላችን ስር ሳህን አለ፤ የሚያየን ሰው ጸበል ልንቀዳ የመጣን ነው የሚመስለው። በእግራችን ፒያሳ ደረስንና አማኑ ባንኮኒ ፊት ተሰለፍን።

«በርገር፣ በሳህኔ» አልኩት።

«እትዬ ዓለሜ፣ በሳህን አይቻልም ብዬዎታለሁ።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ።»

ከኋላዬ ያለችውም «በሳህኔ» አለች፤ አይቻልም ሲላት እሷም ቆመች። ሦስተኛዋም እንደዚያው። የሚጣላው ቢያገኝ ይሻለው ነበር፤ እኛ ግን ሳህናችንን አቅፈን ዝም። ሰልፉ በሩን አልፎ ወጣ። ከኋላችን የቆሙት ወጣቶች መጀመሪያ ተነጫነጩ፣ ቀጥሎ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹን ጀመር። አንዷ ልጅ መጥታ «ምንድን ነው ሰልፉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ይሄ ሳጥን በስንት ደቂቃ ተበልቶበት ስንት ዓመት ቦይ እንደሚደፍን ታውቂያለሽ? እኔም አላውቅም። ግን በሳህን ስጠን ነው የምንለው» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ባዶ ምሳ ዕቃ አወጣችና «አማኑ፣ ለእኔም በዚህ» አለችው። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። አማኑ ላቡን ጠረገና ሳህኔን ተቀበለኝ።

የሁላችንንም አስተናግዶ ሲያበቃ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «እሺ፣ እናንተስ ያዛችሁ» አለኝ፤ «ከቢሮ በምሳ ሰዓት የሚሮጥ ሰው ሳህን ከየት ያመጣል?»

ይሄን ነበር የምጠብቀው። እኔ የዶሮ ማነቂያ ዕድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ድንኳኑ ተሽጧል፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ተሽጠዋል። የቀሩት ሳህኖቹ ናቸው፤ ነጭ ጎድጓዳ የብረት ሳህኖች፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ፣ አልጋዬ ስር ተደርድረዋል። ከታች በኩል ቀይ ነጥብ አለባቸው። በጥፍር ቀለሟ የነጠበችው ጎረቤታችን ከዲጃ ናት፤ ከለቅሶ ቤቱ ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀሉ፣ እርስ በርሳቸውም እንዳይቀላቀሉ፣ የክርስቲያኑን በቀይ፣ የሙስሊሙን በአረንጓዴ። አረንጓዴዎቹ እሷ ጋ ናቸው። ሰው ተበታትኗል፣ ማን ለማን ይደርሳል ተብሎ ዕድሩ በወሩ መጨረሻ እሁድ ተሰብስቦ ሊፈርስ ነው። ሳህኖቹም ለቆራሌ ይሰጡ ተብሏል። ከዶሮ ማነቂያ በእጃችን የቀረን እነሱ ብቻ ናቸው። ሥራ ካገኙ ማንም አይነካቸውም ብዬ ነው ያሰብኩት።

ይሄንን ሁሉ ለአማኑ ነገርኩት።

«እነዚያን ሳህኖች እዚህ አላስገባም» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ለምን?»

«መጨረሻ ያየኋቸው የእማዬ ለቅሶ ላይ ነው። አጥቤ ለእርስዎ ያስረከብኩ እኔ ነኝ። ሳያቸው ያ ቀን ነው የሚመጣብኝ። ሳጥኑ ላይ ግን ትስቃለች።»

ይሄን ሁሉ ጊዜ አፌን ስከፍትበት ልጁ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ አላወቅኩም ነበር። እጁን ያዝኩት። «ሳህኖቹ ለቅሶ ብቻ አይደለም የሚያውቁት» አልኩት። «አንተ ክርስትና ስትነሳ ሰፈሩ የበላው በእነሱ ነው። እናትህ አንተን አዝላ ስታጥባቸው አጠገቧ ነበርኩ፤ ስትዘፍን ነበር።»

ብዙ ካሰበ በኋላ እስከ ስብሰባው እንሞክር አለኝ። ሳህኖቹ ከተመለሱ ሳጥኑን ሊተው፣ ካልተመለሱ ደግሞ እኔ ስለ ሳጥን ሁለተኛ ላላነሳበት ተስማማን። ሳህን ይዞ ከሚሄድ ሰው መያዣ እንቀበል ሲለኝ ግን ቆጣ አልኩ። ከሰፈሬ ሰው መያዣ ልቀበል? አታድርገው አልኩት።

የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ እምሩ ሳስፈቅዳቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «አንዲት ሳህን ብትጎድል የማውቀው አንቺን ነው፣ ዓለምጸሃይ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሰርግ ነበር የሚመስለው። ወሬው ሲሰማ የድሮ ጎረቤት ሁሉ ከያለበት ይመጣል። ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ሳህኑን ገልብጦ ቀዩን ነጥብ ያያል፣ በጣቱ ይነካዋል፣ ከዚያ ወሬ ይጀመራል፤ የማን ሰርግ ላይ ወጥ እንዳለቀ፣ የማን ለቅሶ ላይ ማን ከማን እንደታረቀ። ሲሄዱም ለልጅ ልጆቻቸው ድንች ያስሞላሉ፣ ሌላ ሳህን ይገለብጡበታል፣ በጨርቅ ይቋጥሩታል። «እመልሳለሁ ዓለሜ» ይሉኛል። የቢሮዎቹ ወጣቶችም ወደዱት፤ እዚያው በልተው ይሄዳሉ፣ ወይ ይዘው ሄደው በማግስቱ ያመጣሉ። ቦዩን በየቀኑ ሳላየው አላልፍም፤ እፀገነት አልነበረችበትም።

ከዚያ የሳህኑ ክምር ይወርድ ጀመር። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። ስብሰባው ሲቃረብ መደርደሪያው ላይ የቀሩት የሚያሳፍሩ ሆኑ።

«የዘንድሮ ልጆች ናቸው» አልኩት አማኑን። «ቪዲዮ ተነሱበትና ይዘውት ቀሩ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ከቢሮ የሚመጡት በሙሉ መልሰዋል፣ እትዬ ዓለሜ። ያልመለሱት የእርስዎ ሰዎች ናቸው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስልኬን ይዤ አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። አንዷ «እሁድ አመጣዋለሁ» አለችኝ። አንዷ «ጤፉ ገና አልተፈጨልኝም» አለችኝ፤ ሳህን ስጠይቃት ስለ ጤፍ ታወራኛለች። ሌላዋ ደግሞ «እንዲሁ እኮ አይሆንም ዓለሜ፣ ትንሽ ታገሺኝ» ብላ ዘጋችው። ምን ነካቸው አልኩ። ድሮ የማንም ዕቃ የማይነካ ሰፈር ነበር፤ ኮንዶሚኒየም አበላሽቷቸው ይሆን እያልኩ ተብሰለሰልኩ።

ቅዳሜ ሄጄ ሳይ ሳጥኖቹ ተመልሰው ባንኮኒው ላይ ተደርድረዋል። ቃል ሰጥቻለሁና አፌን ዘጋሁ።

እሁድ ስብሰባው የተጠራው እዚያው አማኑ ቤት ነበር፤ የዕድሩ አዳራሽ የለ፣ ወዴት እንሂድ። ከሁሉ ቀድሜ ሄጄ ጥግ ተቀመጥኩ። ሳህኖቹን አስረክቢ ሲሉኝ የምለውን እያብሰለሰልኩ እያለ ጋሽ እምሩ ገቡ። ካፖርታቸውን በብብታቸው በኩል ወጠር አድርጎ የያዘ ነገር አለ። ግራ ቀኝ አዩና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ስፈታው የዕድሩ ሳህን ነው፣ ቆሎ ሞልቶበት።

«ምንድን ነው ይሄ ጋሽ እምሩ?»

«ሳህንሽ ነዋ» አሉኝ እንደ መቆጣት ብለው። «ለልጅ ልጆቼ ወስጄበት ነበር። ባለቤቴ ሽምብራውን ዛሬ ነው የቆላችው። ባዶውን ልመልሰው ኖሯል?»

እጄን በአፌ ጫንኩ። ባዶ ሳህን አይመለስም። ይሄንን እኔ እንዴት እረሳለሁ? ሰው ጎረቤቱ ሳህን ሲልክለት ያለውን ያደርግበታል፣ ምንም ባይኖረው ሎሚ ይጥልበታል። ገላን ከገባሁ ወዲህ የላከልኝም የላክሁለትም ስለሌለ ደንቡ ከነጭራሹ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ሰዎቼን ሌባ አድርጌ ሳምንት ሙሉ ሳማቸው ከረምኩ፤ እነሱ የሚሞሉበት እያጡ ነው ለካ የዘገዩት።

ከዚያ በሩ ዕረፍት አጣ። ድፎ ዳቦ የተቆረሰበት ሳህን መጣ፣ ዳቦ ቆሎ መጣ፣ ጭኮ መጣ። ጤፉ አልተፈጨልኝም ያለችው ሴት ትኩስ እንጀራ በአዋዜ ይዛ መጣች። አንዱ ሽማግሌ ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ማብሰል አይችልም፤ ሳህኑ ላይ ሦስት ሎሚ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞት ገባ። ከዲጃ የምስር ሳምቡሳዋን በአረንጓዴው ሳህን ይዛ ስትደርስ ጠረጴዛው ላይ ቦታ አልነበረም፤ ሳጥኖቹን ገፋ አድርጋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

አማኑ ቆሞ ያያል። «ባዶውን ቢመልሱት ምን ነበረበት?» አለ።

«ነውር ነዋ ልጄ» አለችው ከዲጃ። «እናትህ ሳህን አስይዛ ስትልክህ ባዶውን ነበር እንዴ?»

«አይደለም» አለ። «ሁልጊዜ የሆነ ነገር ታደርግበት ነበር። እንዳልደፋው እየፈራሁ ነበር የምሄደው።» ይሄን ብሎ ወደ ማእድ ቤት ገባ።

ጋሽ እምሩ ስብሰባውን ከፈቱ። ስለ መራራቅ፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ መዋጮ ተናገሩና «እንግዲህ ዕድሩ ይፍረስ የሚል እጁን ያውጣ» አሉ። የሁሉም እጅ ሳህን ውስጥ ነበር። እሳቸውም ትንሽ ጠብቀው፣ ዳቦውን ቆርሰው ተቀመጡ። በሚቀጥለው ወር እዚሁ እንገናኝ ተባለ። ሳህኖቹም እዚሁ ይቆዩ ተባለ።

ሰው ሲሸኝ እኔ ቀርቼ ሳህኖቹን አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ቀዩን ወደ ታች አድርጌ መደርደሪያው ላይ ደረደርኩ። ባንኮኒው ላይ የነበሩት ሳጥኖች የሉም። አማኑ ከአንዱ ላይ ብቻ እፀገነት ያለችበትን ጎን በመቀስ ቆርጦ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። አየኋትና እንዴት ነሽ አልኳት በሆዴ።

ነጠላዬን ሳጣፋ አማኑ ከማእድ ቤት ወጣ። በሽርጡ የተቋጠረ ሳህን ይዟል፣ ሌላ ሳህን ተገልብጦበት። ይተናል። ገለጥ ሳደርገው ፓስቲ ነው፤ ዳር ዳሩ ትንሽ አሮበታል።

«ከእማዬ ለቅሶ በኋላ ሳህኖቹን ባዶውን ነበር የመለስኩልዎት» አለኝ።

ከለቅሶ ቤት ሳህን ባዶውን ነው የሚመለሰው፣ ደንቡ ነው ልለው ነበር። ዓይኑን ሳየው ተውኩት። «እናትህ ጨው ትጨምርበት ነበር» አልኩት፤ አቅፎኝ ሳቀ፣ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ እኔም አልቻልኩም።

ገላን እስክደርስ ሳህኑ ጭኔን አሞቀኝ። ሁለቱን ፓስቲ ለራሴ አስቀረሁ። ከዚያ ሻሼን አስተካክዬ ፊት ለፊቴ ያለውን በር አንኳኳሁ። የከፈተችው ልጅ ስሟን እንኳ አላውቀውም። ሳህኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ትኩስ ነው፣ ለልጆቹ» አልኳት። «ሳህኑን ስትጨርሱ ትመልሽልኛለሽ።»